ስለ ደም መጣጭ፥ ስለ መርማሪ ፖሊስና ስለ ፍቅር ልብ ወለድ



ዘንድሮ ለመጽሔታችን አንድ ጽሑፍ እንዳዘጋጅ በተጠየቅሁ ጊዜ ስለ ምን ልጻፍ ብዬ ብዙ አሰብሁ። ጓደኞቼ ስለ ትምህርት ጥቅም፥ ስለ ንጽሕና አጠባበቅና ስለ አገር ፍቅር ጽፈዋል። እኔ የመረጥሁት ርእስ ግን መጀመሪያ ሲሰሙት የሚያስቅ ነው። ይኸውም ደም መጣጭን፥ መርማሪ ፖሊስንና ፍቅርን ባንድ ታሪክ ውስጥ አጣምረው ስለሚተርኩ ልብ ወለድ መጻሕፍት ነው። «ይህ ለነቀምት ልጅ ምን ይፈይዳል?» የሚል ቢኖር አልፈርድበትም፤ እኔም አስቀድሜ እንዲሁ ብዬ ነበር። ነገር ግን ባለፈው ክረምት በሰፈራችን በበከኒሳ ቀሴ፥ በገዛ ቤታችን ውስጥ የሆነው ነገር አሳቤን ለወጠው። ስለዚህ አስቀድሜ መጻሕፍቱን አስረዳለሁ፤ ቀጥዬም የቤታችንን ነገር ሳልደብቅ እናገራለሁ። የውጭ አገር ታሪክ ሲነሣ ዓመቱ እንደ አውሮጳውያን፥ የአገራችን ሲሆን እንደ ኢትዮጵያ አቈጣጠር መሆኑን አንባቢ ይረዳልኝ።

የደም መጣጭ ወሬ ከወዴት መጣ?

አውሮጳውያን ቫምፓየር የሚሉት፥ ሞቶ ከተቀበረ በኋላ በሌሊት ከመቃብሩ እየወጣ የሕያዋንን ደም ይመጣል ተብሎ የሚወራለት ሙት ነው። ይህ ነገር በልብ ወለድ ከመጻፉ በፊት በመንግሥት ሹማምንት መዝገብ ተጽፎ ነበር። በ1725 በኦስትሪያ ግዛት ሥር በነበረችው በሰርቢያ፥ ኪሲሎቫ በምትባል መንደር ፔታር ብላጎዬቪች የሚባል ሰው ሞተ። እርሱ ከተቀበረ በኋላ በ8 ቀን ውስጥ 9 ሰዎች ስለ ሞቱ፥ የመንደሩ ሰዎች «የሚጨርሰን እርሱ ነው» አሉና መቃብሩን ቈፈሩ። ሬሳው እንዳልፈረሰ፥ ባፉም ደም የሚመስል ነገር እንዳለ ባዩ ጊዜ በደረቱ ላይ ሹል እንጨት ተከሉበት፤ ከዚያም አቃጠሉት። በ1732ም ፍሉኪንገር የሚባል የጦር ሠራዊት ሐኪም ከዚያው አገር ሌላ እንዲህ ያለ ነገር በጽሑፍ አስታወቀ፤ ወሬውም በጋዜጣ በአውሮጳ ሁሉ ተዛመተ።

ዛሬ የሬሳን ነገር የሚያጠኑ ሐኪሞች ምክንያቱን ያስረዱናል። ሬሳ በመቃብር ውስጥ በሚፈጠረው አየር ይነፋል፤ ስለዚህ የወፈረ ይመስላል። ቈዳው ሲሸሽ ጥፍሩና ጢሙ ያደገ ይመስላል። ከሳንባውና ከሆዱ የሚገፋው ጥቍር ፈሳሽ ባፉ ሲወጣ ደም የጠጣ ይመስላል። መሬቱ ከቀዘቀዘም ሳይፈርስ ብዙ ይቈያል። ሰዎቹ ያዩት ነገር እውነት ነበረ፤ የሳቱት ባዩት ነገር ትርጕም ነው። ይህን ልዩነት አንባቢ በልቡ ይያዝልኝ፤ ኋላ ያስፈልገናልና።

የኦስትሪያ ንግሥት ማሪያ ቴሬዛ ሐኪማቸውን ጌራርድ ቫን ስዊተንን ነገሩን እንዲመረምር አዘዙት። እርሱም ወሬው ከድንቍርና የመጣ መሆኑን ስላስረዳ፥ በ1755 መቃብር መቈፈርና ሬሳ ማቃጠል በሕግ ተከለከለ። ሕግ ቢወጣም ወሬ ቶሎ አይሞትም። በ1892 በአሜሪካ፥ በሮድ አይላንድ ግዛት፥ መርሲ ብራውን የምትባል የ19 ዓመት ልጃገረድ እናቷንና እኅቷን በገደለው በሳንባ ነቀርሳ ሞተች። ወንድሟም በዚያው በሽታ ታሞ ስለ ነበር ጎረቤቶች መቃብሯን ከፍተው ልቧን አቃጠሉ፤ ዐመዱንም በውሃ በጥብጠው ለታመመው ወንድሟ አጠጡት። እርሱም ሁለት ወር ሳይቈይ ሞተ። የሚያሳዝነው ግን፥ ሮበርት ኮክ የሳንባ ነቀርሳን ጀርም ያገኘው በ1882 ነበር፤ ይህ ሁሉ የሆነው እውነቱ ከታወቀ ከ10 ዓመት በኋላ ነው።

ወሬው እንዴት መጽሐፍ ሆነ?

በ1816 ክረምት በስዊስ አገር በጄኔቫ ሐይቅ አጠገብ ባለ ቤት፥ ባይሮን የሚባለው እንግሊዛዊ ባለቅኔና ጓደኞቹ ዝናብ ከቤት አላስወጣ ብሏቸው የሚያስፈራ ታሪክ ለመጻፍ ተፎካከሩ። በዚያ ከነበሩት አንዱ፥ ፖሊዶሪ የሚባለው የባይሮን ሐኪም፥ በ1819 የታተመውን የቫምፓየር ታሪክ ጻፈ። በርሱ መጽሐፍ ደም መጣጩ እንደ መንደር ወሬ የነፋ ሬሳ መሆኑ ቀርቶ፥ ልብሱ ያማረ፥ ንግግሩ የጣፈጠ መኰንን ሆነ። ፍቅር ወደዚህ ታሪክ የገባው በዚህ በር ነው። በ1872 የአየርላንዱ ሸሪዳን ለ ፋኑ «ካርሚላ»ን፥ በ1897ም ያገሩ ልጅ ብራም ስቶከር «ድራኩላ»ን አሳተሙ።

ስለ «ድራኩላ» ብዙ ሰው የሚያስታውሰው ጥርሱንና ጥቍር ካባውን ነው። መጽሐፉን ላነበበ ግን የሚያስደንቀው ሌላ ነው። ታሪኩ በሙሉ የተሠራው ከቀን ማስታወሻ፥ ከደብዳቤና ከጋዜጣ ቍራጭ ነው። ሚና የምትባለው ሴት ይህን ሁሉ ወረቀት በጽሕፈት መኪና ገልብጣ በቀንና በሰዓት ቅደም ተከተል ታደራጃለች፤ ጓደኞቿም ጠላታቸውን የሚደርሱበት ማስረጃው በመልክ በመልኩ ከተሰበሰበ በኋላ ነው። እንግዲህ ፖሊስ ባይኖርበትም የምርመራ ሥራ በውስጡ አለ።

መርማሪ ያለበት ልብ ወለድ በበኩሉ በአሜሪካዊው በኤድጋር አለን ፖ በ1841 ተጀመረ ይባላል። ኮናን ዶይልም በ1887 ሸርሎክ ሆምስን ፈጠረ። ይኸው ዶይል በ1924 ስለ ደም መጣጭ አንዲት አጭር ታሪክ አሳትሟል፤ እኔ ከሁሉ አብልጬ የምወዳት እርስዋን ነው። አንዲት እናት የገዛ ሕፃኗን አንገት ስትመጥ ሞግዚቷ ታያታለች፤ አፏም ደም ነክቶታል። ባልዋ ደንግጦ ለሆምስ ደብዳቤ ይጽፋል። ሆምስ ግን መጥቶ ሲመለከት፥ በግድግዳው ላይ የተሰቀለ የደቡብ አሜሪካ የጦር መሣሪያ አለ፤ የቤቱም ውሻ እግሩ ደንዝዟል። ከዚህ ተነሥቶ የደረሰበት እውነት ይህ ነው፤ የባልዋ የፊተኛይቱ ሚስት ልጅ በቅናት ሕፃኑን በተመረዘ ቀስት ወግቶት ነበር፤ ቀስቱንም አስቀድሞ በውሻው ላይ ሞክሮታል። እናቲቱ ደም መጣጭ ሳትሆን መርዙን መጥጣ የምታወጣ አዳኝ ነበረች። ዝም ያለችውም ባልዋ ስለሚወደው ልጁ እውነቱን ሰምቶ ልቡ እንዳይሰበር ነው። በዚች አጭር ታሪክ ደም መጣጩም፥ መርማሪውም፥ ፍቅሩም ሦስቱም አሉ።

በእኛ ዘመን ይህ ዓይነት ልብ ወለድ እጅግ በዝቷል። በ1991 ካናዳዊቱ ታንያ ሃፍ ያሳተመችውን መጽሐፍ እንደ ምሳሌ እንውሰድ። ቪኪ ኔልሰን በቶሮንቶ ከተማ መርማሪ ፖሊስ ነበረች፤ ዓይኗ በሌሊት ማየት እያቃተው ስለ ሄደ ሥራዋን ትታለች። በከተማው ደማቸው የደረቀ ሬሳዎች ሲገኙ ጋዜጦች «ቫምፓየር ነው» ይላሉ። በከተማውም ቫምፓየር በእውነት አለ፤ የንጉሥ ሄንሪ 8ኛ ልጅ ሆኖ ለብዙ መቶ ዓመት የኖረ፥ የፍቅር ልብ ወለድ እየጻፈ የሚተዳደር ነው። ገዳዩ ግን እርሱ አይደለም፤ እንዲያውም ከቪኪ ጋራ ሆኖ እውነተኛውን ገዳይ ይፈልጋል። ቪኪ በርሱና በቀድሞ የሥራ ባልደረባዋ በመርማሪው ሴሉቺ መካከል ልቧ ይከፈላል። በ2005 በታተመው፥ ብዙ ተማሪዎች በፊልም በሚያውቁት በስቴፈኒ ሜየር መጽሐፍም የልጅቱ አባት የከተማው የፖሊስ አዛዥ ነው።

እነዚህ ሦስቱ ነገሮች ስለ ምን ባንድነት እንደሚሄዱ ብዙ አስቤ የደረስሁበት ይህ ነው። ደም መጣጩ ወሬንና ፍርሃትን ይወክላል። መርማሪው «ማን አየ? መቼ? የት?» የሚለውን ጥያቄ ይወክላል። ፍቅር ደግሞ ሰው ሁሉ «አትቅረበው» የሚለውን ፍጡር ቀርቦ ፊቱን ለማየት የሚደፍረውን ልብ ይወክላል። በፍርሃት ላይ መርማሪው በአእምሮ፥ አፍቃሪው በልብ ይዘምቱበታል።

በአገራችንስ?

በአገራችን ቫምፓየር የለም ብለን እንዳንኰራ፥ ቡዳ የሚባል አለን። በአማርኛም በኦሮምኛም ስሙ ያው ነው። ቡዳ በዓይኑ ሰውን ይበላል፤ በሌሊት ጅብ ይሆናል፤ የበላውንም ሰው ከመቃብር አውጥቶ ያሠራዋል ይባላል። ናትናኤል ፒርስ የሚባለው፥ በትግራይ ብዙ ዓመት የኖረው እንግሊዛዊ፥ በ1831 በታተመው መጽሐፉ በጆሮው ጕትቻ ስላለበት ጅብ ጽፏል። ልብ በሉ፤ ከመቃብር ጋራ የተያያዘ፥ በሌሊት የሚዞር፥ ሰው የሚበላ ነገር ማለት ነው። የሰርቢያ ገበሬና የእኛ አያቶች ሳይተዋወቁ አንድ ታሪክ ተርከዋል።

ልዩነቱ ግን ለእኛ የሚያሳፍር ነው። የሰርቢያ ሰዎች የከሰሱት የሞተውን ነው፤ እኛ የምንከሰው በሕይወት ያለውን ጎረቤታችንን ነው። ይኸውም ማረሻችንን የሚቀጠቅጠውን፥ ቈዳ የሚፍቀውን፥ እንስራና ጀበና የምትሠራልንን። እነዚህ ሰዎች በብዙ ቦታ ከርስት ተከልክለው፥ ከጋብቻ ተለይተው ኖረዋል። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው መስደብ እንዲቀር ዐዋጅ አስነግረው ነበር፤ ስድቡ ግን ከዐዋጁ ይልቅ ዕድሜ አግኝቷል።

መርማሪም በአገራችን በየመልኩ ነበረ። አንደኛው ሌባሻይ ነው፤ ለአንድ ልጅ የሚያሰክር መድኃኒት ይሰጠውና ወገቡን በመቀነት ይዘው ይከተሉታል፤ ገብቶ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ይባላል። ሁለተኛው አፈርሳታ ወይም አውጫጭኝ ነው፤ የአገሩ ሰው ሁሉ ባንድ ሜዳ ተሰብስቦ ጥፋተኛው እስኪታወቅ ይቈያል፤ በምስጢር የሚጠቍሙትም «ወፍ» ይባላሉ። ሌባሻይ በኋላ በሕግ ቀርቷል። ዛሬ በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 20 መሠረት የተከሰሰ ሰው ጥፋቱ በሕግ እስኪረጋገጥ ድረስ እንደ ጥፋተኛ አይቈጠርም። ይህ በፍርድ ቤት ነው። በየቤታችን ግን ሌባሻይ ዛሬም አልቀረም፤ ይህንም በዓይኔ አይቻለሁ።

በቤታችን የሆነው ነገር

ባለፈው ክረምት መግቢያ የ5 ዓመት እኅቴ በደዴሳ ቈላ ካለችው አክስታችን ዘንድ ሰንብታ ተመለሰች። ከተመለሰች ከ10 ቀን በኋላ እናቴ ጀበና እንድገዛ ስትልከኝ ልጅቱ ተከተለችኝ። የሄድነው «አዴ» እያልን ከምንጠራቸው አሮጊት ሸክላ ሠሪ ቤት ነው። ጀበናውን በጣታቸው መትተው ስንጥቅ እንደሌለው በድምፁ አሳዩኝ። ለእኅቴም ከተረፈ ጭቃ የሠሩትን ትንሽ መጫወቻ ስኒ ሰጧትና «እንዴት ያለች ቈንጆ ልጅ!» አሉ።

በዚያው ማታ እኅቴን ብርድ አንቀጠቀጣት፤ ቀጥሎ እንደ እሳት ተኰሰች። ጎረቤቶች ተሰበሰቡ። «ዛሬ የት ውላ ነው?» አሉኝ። «ከሸክላ ሠሪዋ ቤት» አልሁ። ማንም ሳይጠይቀኝም «ቈንጆ ልጅ ብለዋታል» ብዬ ጨመርሁ። የቤቱ ሰው ፊት ወዲያው ሲለዋወጥ አየሁ። ጭስ አጨሱባትና «ማን ነው የበላሽ?» እያሉ ጠየቋት። ልጅቱም በትኵሳቱ ውስጥ «አዴ! አዴ!» አለች። እንግዲህ ሌባሻዩ ወደቀ ማለት ነው።

ሁለት ጐልማሶች ሄደው አሮጊቷን በዝናብ አመጧቸው፤ እንዲተፉባትም አዘዟቸው። እኚያ እናት አንድ ቃል ሳይናገሩ እንደ ታዘዙት አደረጉ፤ ከዚያም ነጠላቸውን ተከናንበው ብቻቸውን ተመለሱ። እኔ በሩ አጠገብ ቆሜ ነበር። ዓይናቸውን አላየሁም፤ መሬት መሬቱን ነበር የማየው።

ትኵሳቱ ግን አልበረደም። በነጋታው አባቴ ተሸክሟት ወደ ጤና ጣቢያ ሄደ፤ እኔም ተከተልሁ። የተቀበለችን ባለሙያ አስቀድማ የጠየቀችው «ማን በላት?» ብላ አልነበረም። «ባለፈው ወር የት ሰነበተች? በአጎበር ውስጥ ነው የተኛችው? ትኵሳቱ በስንት ሰዓት ጀመረ?» አለች። ከዚያ በኋላ ከልጅቱ ጣት አንዲት ጠብታ ደም ወስደው በመስተዋት ላይ ቀብተው በአጉሊ መነጽር አዩ። ወባ ነበር። ነቀምት ከባሕር ወለል በላይ 2,000 ሜትር ያህል ከፍ ያለች ስለ ሆነች ወባን እንደ ቈላው አናስባትም፤ ነገር ግን ልጅቱ በደዴሳ ቈላ ያለ አጎበር ተኝታ ነበር። የወባ ጀርም ደግሞ ገብቶ እስኪያሳምም ድረስ አንድ ሳምንት፥ ሁለት ሳምንት፥ አንዳንድ ጊዜም ከዚያ በላይ ይቈያል። መድኃኒቱን በጀመረች በሦስተኛው ቀን ተነሥታ ተቀመጠችና ያቺን መጫወቻ ስኒዋን ፈለገች። ለካ ያን ሌሊት «አዴ» ያለችው ስኒው ጠፍቶባት የሰጧትን ሰው መጥራቷ ኖሯል።

እንግዲህ ደም መጣጩ በእውነት ነበረ። በሌሊት መጣ፤ የተኛችውን ልጅ ነክሶ ደሟን መጠጠ፤ በሽታም ትቶባት ሄደ። ስሙ ግን የወባ ትንኝ ነው፤ የምትነክሰውም ሴቲቱ ትንኝ ናት። እጅግ የገረመኝ ነገር፥ «ድራኩላ» በታተመበት በዚያው በ1897፥ በነሐሴ ወር፥ ሮናልድ ሮስ የሚባል ሐኪም በሕንድ አገር በትንኝ ሆድ ውስጥ የወባን ጀርም አየ። አንዱ የፈጠራውን ደም መጣጭ ባሳተመ በጥቂት ወር ውስጥ ሌላው እውነተኛውን ያዘው። ያለም ሕዝብ የልብ ወለዱን ስም ያውቃል፤ የሐኪሙን ስም የሚያውቀው ግን ጥቂት ነው።

አባቴ በሚቀጥለው የእድር ስብሰባ ቆሞ ከጤና ጣቢያ የተሰጠውን ወረቀት አነበበ። አንዳንዱ ሰው «እሰየው፥ እግዜር ማራት» አለ፤ አንዳንዱ ደግሞ «ወባውም ቢሆን ዓይን ሳይኖርበት አይቀርም» ብሎ በአሳቡ ጸና። ከዚያ ወዲያ ለብዙ ሳምንት ከአሮጊቷ የሚገዛ ሰው እንደ ቀነሰ አይቻለሁ።

እኔም ብዙ ቀን ካመነታሁ በኋላ ብቻዬን ሄድሁ። «አዴ፥ ያን ማታ ስምዎን የጠራሁ እኔ ነኝ፤ ይቅር ይበሉኝ» አልኋቸው። ጭቃቸውን እየዳመጡ ቀና ሳይሉ ጥቂት ዝም አሉ። ከዚያ «ልጄ፥ እኔ ጀበናዬን በእሳት ሳልፈትን ለሰው አልሰጥም፤ የናንተ ሰፈር ወሬውን ጥሬውን ይገዛል» አሉኝ። ሌላ ነገር አልተናገሩም። ለእኅቴ ግን በጠፋው ፈንታ ሌላ ስኒ ሰጡኝ። እናቴ ይህን ባየች ጊዜ አለቀሰች፤ በማግሥቱም ቡና አፍልታ ራሷ ሄዳ ጠርታቸው ባንድ ረከቦት ጠጣን። በቤታችን የመጀመሪያው ነበር።

ስለ ፍቅርም አንድ ቃል ልጨምር። አንድ ዘመዴ የወደዳት ልጅ የቀጥቃጭ ልጅ ናት ተብሎ ሽማግሌ ሳይላክላት ቀርቷል። ክቡር ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ባሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» በዛብህንና ሰብለ ወንጌልን ትውልድ እንደ ለያቸው አንብበናል፤ አዝነንም ለጀግኖቹ አልቅሰናል። በመጽሐፍ ላለ ሰው እያለቀስን በሰፈራችን ላለው ሰው በር ብንዘጋ፥ ንባባችን ምን ጠቀመን?

ስለዚህ ውድ ጓደኞቼ፥ እነዚህን መጻሕፍት አታንብቡ የሚል ምክር አልሰጥም። የተከበራችሁ ወላጆችም ልጃችሁ የደም መጣጭ ልብ ወለድ ይዞ ብታገኙት ቶሎ አትቈጡት፤ ይልቁንም «መርማሪው እንዴት ደረሰበት?» ብላችሁ ጠይቁት። ቫምፓየሩን መጽሐፉን ስንዘጋ እዚያው እንተወው፤ መርማሪውን ግን ይዘነው እንውጣ። አባቶቻችን «ሳይገድሉ ጎፈሬ፥ ሳያጣሩ ወሬ» ሲሉ ያስጠነቀቁት ይህንኑ ነው። በሰፈራችን ሰው ታሞ፥ የአንድ ጎረቤት ስም ከአፍ ወደ አፍ ሲተላለፍ በሰማን ጊዜ ከመካከላችን አንዱ ተነሥቶ «ማን አየ? መቼ? የት?» ቢል፥ ያ ተማሪ በከንቱ አላነበበም።

እኔ ያን ማታ አልጠየቅሁም። እናንተ ግን ጠይቁ።